ሁለት ጣት በዚህ፣ ሁለት ጣት በዚያ

ጥቅምት 5፣ እሑድ

ጠዋት ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ጨረስኩ። የጀርባው ስፌት ትንሽ ጠመም ብሎብኝ ነበር፣ ፈትቼ ደገምኩት። ደንበኛው አያየውም... እኔ ግን አየዋለሁ። ምሳ እቤት በላሁ። ሚስቴ "እሑድም ትሠራለህ?" አለች። እሑድም እሠራለሁ።

ይሄን አጀንዳ የሰጠኝ ጨርቅ ነጋዴው ነው። በየገጹ ግርጌ የሱቁን ስም አሳትሞበታል። ለራሴ ብቻ ስጽፍ እንኳ ከሥር የሌላ ሰው ስም አለ። ይኑር፤ ከእኔ በቀር ማን ሊያየው!

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። የቤተሰብ ጥያቄና መልስ። እማዬ ወንበሯ ላይ፣ ሚስቴ አጠገቧ፣ እኔ እንደ ልማዴ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በር ጋ ቆሜ። ተወዳዳሪዎቹ የሚቀመጡበት ያ ረጅም አረንጓዴ ሶፋ የእኔ ሥራ ነው። ራሳቸው ደውለውልኝ ነው የተዋዋልነው፤ እኔ በነፃ ልሰጥ፣ እነሱ በየሳምንቱ የወርክሾፔን ስም ሊጠሩ። ይጠራሉ... መጨረሻ ላይ፣ ሙዚቃው ከፍ ሲል፣ ጭብጨባው ሲቀልጥ። "ሶፋውን ላዘጋጁልን ለ..." ከዛ ጧ ጧ ጧ! ዛሬም አልተሰማም። አንድ ሰዓት ሙሉ የሚቀመጡት እኔ ላይ ነው፣ ስሜ ግን አንድ ትንፋሽ አይሞላም።

የታናሼስ? የታናሽ ወንድሜ ፍራሽ ነው ሽልማቱ። አሸናፊው ፍራሹ ላይ ቁጭ ብሎ ሦስት ጊዜ ይነጥራል፣ አዳራሹ "አንድ! ሁለት! ሦስት!" ብሎ ይቆጥርለታል፣ አቅራቢው ሠላሳ ሁለት ጥርሱን ገልጦ "ጀርባዎ ይረፍ!" ይልና የታናሼን ሱቅ ስም ይጠራል። ጥርት አድርጎ። ሁለቴ። የሰፈር ልጆች እንኳ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እየነጠሩ ይሉታል።

እማዬ ስሙ ሲጠራ አጨበጨበች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፣ የምትከታተለው በጆሮዋ ነው። የእኔ ተራ ሲደርስ "አበቃ?" አለች።

አበቃ፣ እማዬ።

ጥቅምት 7፣ ማክሰኞ

"ጀርባዎ ይረፍ" የማን ቃል እንደሆነ ያ ጥርሳም አያውቅም። የእማዬ ነው። አባታችን ጭነት ተሸካሚ ነበር። ከሥራ ገብቶ ፍራሹ ላይ ዘፍ ሲል እማዬ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታች "ጀርባህ ይረፍ" ትለው ነበር። ታናሼ ይሄን አይቶ ከኳስ ሲመለስ የአባታችን ቦታ ላይ ዘፍ ይል ነበር። "ጀርባህ ይረፍ፣ የኔ ጌታ።" ዛሬም ሲመጣ ትለዋለች። አርባ ስምንት ዓመት የሞላው ሰውዬ!

ለእኔስ? ሥራ አቁሜ አሰብኩ። አንድም ቀን። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ብላኝ አታውቅም። የምትኖረው እኔ ቤት። ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ። መድኃኒቷን የማስታውሳት እኔ። ቃሉ ግን ለእሱ።

እሱ ደግሞ ወስዶ ለቴሌቪዥን ሰጠው። ከእኔ ጋር እንኳ ሳይመካከር። የእማዬ ቃል የሁለታችንም አይደለም እንዴ?

ሚስቴ "ቀንተሃል" አለችኝ።
"በፍራሽ?"
"በፍራሽ።"
እንዲህ ዓይነት ሴት ናት። የምትለው አጭር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ግን ሲቆረቁር ይውላል።

ጥቅምት 12፣ እሑድ

በሰዓት ያዝኩት። የታናሼ አሥራ አንድ ሰከንድ። የእኔ ሁለት። ከሁለቱ አንዱ የአቅራቢው ሳል ነው።

ጥቅምት 15፣ ረቡዕ

ወርክሾፑን ዘግቼ ቴሌቪዥን ጣቢያው ሄድኩ። የስፖንሰር ጉዳይ የያዘችውን ልጅ "እሺታ" ነው የምላት፣ በሆዴ። የጠየቋትን ሁሉ እሺ ትላለች፣ የሚሆን ነገር ግን የለም።

ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ነው። አንዱ የድስት ካርቶን ታቅፎ ቁጭ ብሏል። አንዷ ፀጉር ቤት አላት፤ የዜና አንባቢዋን ፀጉር በነፃ ልትሠራ፣ ስሟን ሊጽፉላት። አንድ የጥርስ ሐኪም ደግሞ ለአሸናፊ ቤተሰብ የጥርስ እጥበት ሊሸልም መጥቷል።
"ለሙሉ ቤተሰብ?" አልኩት።
"እስከ ስድስት ሰው" አለኝ፣ ኮስተር ብሎ።
ሁላችንም ዕቃችንን ታቅፈን ስማችንን ልንለምን ተሰልፈናል። አፈርኩ መሰለኝ... ግን ተነስቼ አልሄድኩም።

"ስሜ ለምንድነው በጭብጨባ የሚዋጠው?" አልኳት እሺታን።
"እሺ ጋሼ፣ እናስተካክላለን።"
"ባለፈውም እሺ ብለሽኝ ነበር።"
"እሺ፣ አሁን ደግሞ እጽፈዋለሁ። የእርስዎ ወረቀት የት ነበር?... አሃ፣ እዚህ ውስጥ ነው።"

ያወጣችው ከታናሼ ማህደር ነው። ሰማያዊ ማህደር፣ ከላይ የሱ ስም በትልቁ ተጽፎበታል። ወረቀቴ እንኳ በሱ ማህደር ውስጥ ተወሽቃ! ልጅቷ ዝርክርክ ናት ብዬ ወጣሁ።

ጥቅምት 17፣ ዓርብ

ታናሼ ወርክሾፕ መጣ። ያው እንደ ልማዱ ሳይጠይቅ ሰተት ብሎ ገብቶ፣ ሙጫው ያልደረቀ ወንበር ላይ ቁጭ። ሱሪው ተጣበቀ። ሳቅኩ። ከልቤ ሳቅኩ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

"ጋሼ፣ ሐሳብ አለኝ" አለ ሱሪውን እያላቀቀ። "ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ነው የሚያሳዩት። አያምርም። አንተ አልጋ ብትሠራና አሸናፊው ከነአልጋው ቢወስድስ?"
"በነፃ?"
"ጣውላውን እኔ አቀርባለሁ። ስምህም ከኔ ጋር አብሮ ይጠራል። እዛው፣ ነጥረው እንደጨረሱ። አልጋው የእገሌ፣ ፍራሹ የእገሌ ብሎ። ተነጋግሬያለሁ።"

ነጥረው እንደጨረሱ! ሰው ሁሉ ዓይኑን ተክሎ በሚያይበት ሰዓት!

"አስብበታለሁ" አልኩት፣ ኮራ ብዬ። መኪናውን ሳያስነሳ ጣውላ መምረጥ ጀምሬ ነበር።

ጥቅምት 22፣ ረቡዕ

አንዲት ሴት መጣች። ሶፋ ልታሠራ መስሎኝ ወንበር ጠርጌ አስቀመጥኳት። "ይቅርታ፣ እርስዎ የባለፍራሹ ወንድም ነዎት?" አለች። ሱቁ ጠፍቷት ነው። አቅጣጫ አሳይቼ ላክኋት። ታላቁ ነኝ፣ ልላት ፈልጌ ነበር። የባለፍራሹ ታላቅ! ምን ይጠቅማታል?

ጥቅምት 26፣ እሑድ

የመጀመሪያው አልጋ። ዘጠኝ ቀን ሠራሁበት። ራስጌው ላይ ቅጠል ቀረጽኩ። ጎኑን ለፍራሹ ልክክ አደረግሁት። ፍራሽ በሁለቱ የጎን ጣውላዎች መሐል ገብቶ ቁጭ ማለት አለበት፣ ያኔ ሰው ቢዘልበትም አይነቃነቅም። ሥራው እዚህ ላይ ነው።

ጎረቤት ጠራን። ሚስቴ ሻይ አፈላች። እኔ እንኳ ንጹሕ ሸሚዝ ለበስኩ፣ በቴሌቪዥን የምታይ ይመስል።

አሸናፊዋ ነጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። "ጀርባዎ ይረፍ!" የታናሼ ሱቅ። ሁለቴ።

ጠበቅኩ።

ማስታወቂያ ገባ።

"አልጋው ያምራል" ብለው ጎረቤቶቹ ወጡ። ሚስቴ ሻይ ጨምራ ቀዳችልኝ። ሻዩ ይበልጥ አናደደኝ።

ኅዳር 3፣ እሑድ

ታናሼ በስልክ "አቅራቢው ረስቶት ነው፣ ነግሬዋለሁ" ብሎኝ ነበር። ዛሬ አልረሳም። ባሰበት እንጂ። የእኔን ራስጌ፣ እኔ የቀረጽኩትን ቅጠል በመዳፉ እየመታ "አያችሁ፣ አልጋውም ፍራሹም ከአንድ ቤት!" አለና የታናሼን ስም ጠራ። ሦስቴ።

"ሦስቴ ጠሩት!" አለች እማዬ ደስ ብሏት። "እጁ ወርቅ ነው፣ የኔ ልጅ።"

የማን እጅ፣ እማዬ? ቅጠሉን የቀረጸው የማን እጅ ነው? ምላሴን ዋጥኩ። ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። የሰፈር ልጆች ግንብ ላይ ቁጭ ብድግ እያሉ ይነጥሩ ነበር።

ምናልባት ታናሼ ራሱ ይሆን ተው ያላቸው? አብሮኝ እንዳይጠራ? እንዴት እስከ ዛሬ አልመጣልኝም!

ኅዳር 6፣ ረቡዕ

ሦስተኛውን አልጋ ሠራሁ። ራስጌው ያው ነው፣ ቅጠሉም ያው። የጎን ጣውላዎቹን ግን ወደ ውስጥ አስጠጋኋቸው። ሁለት ጣት በዚህ፣ ሁለት ጣት በዚያ።

ምክንያቴን ለራሴ ልንገር፣ ሌላ ለማን እነግራለሁ። ፍራሹ መሐል አይገባም። ጣውላዎቹ ላይ ወጥቶ ይጎለታል፣ ጠርዙ ያብጣል፣ ቅርጹ ይጠፋል። ሰው በቴሌቪዥን አይቶ "ይሄ ፍራሽ ምንድነው፣ አይገጥምም እንዴ?" ይላል። በቃ። ትንሽ ይፈር። አንድ እሑድ ብቻ።

ሠላሳ ዓመት ስለካ አውቄ ሳሳስት የመጀመሪያዬ ነው። እጄ እምቢ ይላል ብዬ ነበር። አላለም።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ታናሼ ራሱ መኪና ይዞ አልጋውን ሊወስድ መጣ። ሜትሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።
"መለካት ትፈልጋለህ?" አልኩት። ምን እንዳስቀባጠረኝ እንጃ።
"የጋሼን እጅ ልለካ እንዴ!" ብሎ ሳቀ።

ራስጌውን እኔ፣ ግርጌውን እሱ ይዘን ጫንነው። ጣቱ ላይ እንዳያርፍ "ተጠንቀቅ" አልኩት። እውነቴን ነው፣ ጣቱ እንዲጎዳ አልፈለግሁም።

ኅዳር 10፣ እሑድ

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

አሸናፊዋ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሞላ ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ጥያቄው ሳያልቅ የሚመልሱ። ፍራሹ አልጋው ላይ ተጎልቶ ነበር፣ እንዳሰብኩት ጠርዙ ተነፋፍቶ። ደስ አለኝ። ደስ አለኝ!

ሴትዮዋ ጠርዙ ላይ ቁጭ አሉ። "አንድ!" ፍራሹ ወደ ውጭ ሸርተት አለ። "ሁለት!" ሦስት የሚል አልነበረም። ፍራሹ ከነሴትዮዋ መሬት ላይ ነው። እግራቸው ወደ ላይ፣ መነጽራቸው ወደ ካሜራው። አቅራቢው ልማድ ሆኖበት ከአፉ አመለጠው፤ "ጀርባዎ ይረፍ!" አለ፣ ሴትዮዋ በጀርባቸው ተዘርረው! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዛ የታናሼን ስም ጠራ። ሁለቴ። ቀጥታ ስርጭት ነው፣ ማን ቆርጦ ያወጣዋል።

እንዲወድቅ መች አሰብኩ? እንዲያብጥ ነው እንጂ እንዲወድቅ...

"ምን ሆነ? ለምንድነው የሚስቁት?" አለች እማዬ። "ንገሩኝ እንጂ!"

ሚስቴ ወደ እኔ ዞረች። ጣውላውን ስቆርጥ አጠገቤ አልነበረችም። ግን ዞረች።

"ፍራሹ ተንሸራተተ" አልኩ።
"የማን ፍራሽ?"
"የልጅሽ።"

እማዬ እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ቀረች። ታናሼን ከካሜራው ጥግ አየሁት። ሮጦ መጥቶ ሴትዮዋ አጠገብ ተንበረከከ፣ መነጽራቸውን አቀበላቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አልጋውን አየው።

ኅዳር 11፣ ሰኞ

በየሰው ስልክ ላይ ነው። አንድ ሰው ከወንበር ሲነሳ ወገቡን ከያዘ ሌላው "ጀርባዎ ይረፍ!" ይለዋል፣ ከዛ ሳቅ። ጨርቅ ልገዛ ብሄድ ጨርቅ ነጋዴው ራሱ አሳየኝ። "ይሄ ወንድምህ አይደል?" አለኝ። ነው።

ታናሼ ሱቅ ሄድኩ። ገዢ የሚባል የለም። እሱ ጠዋቱን ሳይላጭ መጥቷል።
"ጋሼ፣ አልጋውን ለክተህ ነው አይደል የሠራኸው?"
"ለክቼ ነው" አልኩ። ውሸት ነው? ለክቼ ነው!
"እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። እንግዲያው ስፖንጁ በልጦ ተቆርጧል ማለት ነው።"

ዞሮ ቆራጯን አያት። አሥራ አራት ዓመት ስፖንጅ የቆረጠችለት ሴት ናት።
"እኔ አላበለጥኩም" አለች። "በዚሁ በሜትሬ ነው የቆረጥኩት።"
"የጋሼ እጅ አይሳሳትም" አላት። "ለጊዜው እቤትሽ ቆዪ። እደውልልሻለሁ።"

ሽርጧን አውልቃ አጠፈችው። ደግማ አጠፈችው። መዳፍ እስኪያክል አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መቀሷን ግን ይዛው ወጣች፣ የራሷ ነው።

በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። መልሼ ዘጋሁት።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ

እሺታ ደወለች። ለመጀመሪያ ጊዜ "እሺ" ሳትል ጀመረች።
"ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሶፋዎን እንመልስልዎታለን።"
"እኔ ምን አጠፋሁ?"
"እርስዎ ምንም። የወንድምዎ ውል ተቋረጠ፣ የእርስዎ ደግሞ እሱ ላይ ያለ ነው።"
"እሱ ላይ ማለት?"
"እንዴ፣ አያውቁም? እኛ እኮ ሶፋ አልፈለግንም ነበር፣ እንከራይ ነበር። 'ፍራሹን የምሰጠው የወንድሜን ሶፋ ከተጠቀማችሁና ስሙን ከጠራችሁ ነው' ብለው ያስጻፉት ወንድምዎ ናቸው። 'የጋሼ ስም በደንብ አይሰማም' ብለውም ሦስት ጊዜ መጥተው ተጨቃጭቀውናል። የአልጋውንም ጊዜ አቅራቢውን ሊደበድቡት ነበር።"

ሰማያዊው ማህደር...

ሁለት ሰከንዴ። ከነሳሉ። እሱንም የሰጠኝ ታናሼ ነው።

መጸጸት ነበረብኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ግን ንዴት ነው፣ ልደብቀው አልችልም። ለምን አልነገረኝም? ውለታውን እንኳ ሳያወራ ይሠራል? በደግነትም ይብለጠኝ? በዚህም ልቅናበት?

ጸጸቱ የመጣው ኋላ ነው፣ ያንን መዳፍ የሚያክል ሽርጥ ሳስታውስ። ከዛ ወዲህ አልሄደም።

ኅዳር 15፣ ዓርብ

ታናሼ "ሴትዮዋን አብረን ይቅርታ እንጠይቅ፣ አልጋው ያንተ ነው" አለኝ። ጠበብ አድርጎ ያስቆረጠው አዲስ ፍራሽ ጭኗል። አስተማሪዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ግራ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ወለም ብሏቸው ነው። ታናሼ ፍራሹን ሊያመጣ ሲወርድ እኔና እሳቸው ቀረን።

"ምን ነበር የሚያስተምሩት?" አልኩ፣ ለወሬ ያህል።
"ሒሳብ። ሠላሳ ስምንት ዓመት።"

ከመሳቢያ የልብስ ስፌት ሜትር አወጡ።
"ፍራሹን ለካሁት። ልክ ነው፣ የትም ሱቅ የሚሸጠው ልክ። አልጋውን ለካሁት። እዚህ ጋ ጣውላው ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ገብቷል። እዛም ጋ ሁለት ጣት።"
"ስሕተት ይሆናል" አልኩ።
"ስሕተት እንዲህ እኩል አይመጣም፣ ልጄ። ተማሪ ሲሳሳት አንዱ ጋ ይበዛል፣ አንዱ ጋ ያንሳል። በሁለቱም በኩል እኩል ከመጣ ታስቦበት ነው።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ለወንድሜ ይነግሩታል?"
"እኔ መልስ ነግሬ አላውቅም። ተማሪው ራሱ ሰሌዳው ጋ ወጥቶ ይጽፋል።"

ታናሼ እያለከለከ ገባ። ፍራሹን ሦስት ፎቅ በጀርባው ተሸክሞ። ልክ እንደ አባታችን።

ኅዳር 16፣ ቅዳሜ

ዛሬም አልነገርኩትም። ሁለት ጊዜ ስልኩን አነሳሁ።

ኅዳር 17፣ እሑድ

አዲስ ፍራሽ፣ የትልቁ ፋብሪካ። አሸናፊው ነጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። "ጀርባዎ ይረፍ!" አለ አቅራቢው፣ ከዛ የፋብሪካውን ስም ጠራ። ጥርት አድርጎ። ሁለቴ።

ታናሼን አስወጥተው ቃሉን አስቀሩት! "ሕዝቡ ወዶታል" ብለው!

እማዬ ለማጨብጨብ እጇን አንስታ ነበር። አየር ላይ ቀረ።
"ማንን ነው የጠራው?"
"ሌላ ሰው ነው እማዬ።"
"በኔ ቃል?"
"አዎ።"

ደሜ ፈላ። ቀናሁ፣ እንደዛሬ ቀንቼ አላውቅም። ለራሴ ግን አልነበረም። ለታናሼ ነው የቀናሁት። ያ አሥራ አንድ ሰከንድ የሱ ነበር። ቃሉን ከእናቱ ጉልበት ሥር ነው ያገኘው። ያንን ጥርሳም ባገኘው በቦክስ... ግን አውጥቶ የሰጣቸው ማነው? እኔ ነኝ። በሁለት ጣት።

"መቼ ነው የምትነግረው?" አለች ሚስቴ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ። ፍራሹ ከወደቀበት እሑድ ጀምሮ ታውቅ ነበር ማለት ነው።
"ነገ።"

ኅዳር 18፣ ሰኞ

መጀመሪያ ቆራጯ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ ነገርኳት። የልጇን ቀሚስ እየቆረጠች ነበር፣ መቀሱ እጇ ላይ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።
"እዛው ሱቁ ውስጥ ይበሉልኝ" አለች። "ሰው ሁሉ ባለበት። እኔን እዛ ነው ያዋረዱኝ።"
ልክ ናት። አብረን ሄድን።

ሠራተኞቹ ሁሉ ነበሩ። "ስፖንጁ ልክ ነበር" አልኩ። "አልጋውን ያጠበብኩት እኔ ነኝ። አውቄ ነው።"

ታናሼ ወደ ቆራጯ ዞረ፣ ከዛ ወደ እኔ።
"ምን ያህል?" አለኝ።
"ሁለት ጣት በዚህ፣ ሁለት ጣት በዚያ።"
ሁለት ጣቱን አጋጥሞ አያቸው። "ለምን?"
"ስሜ አልተጠራም።"

ሲሰማ እንዴት ያሳፍራል! በልቤ ውስጥ ትልቅ ነገር ነበር። ሱቅ ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ ሲወጣ... የሕፃን ነገር ሆነ።

አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሽርጡን ዘርግቶ ለቆራጯ ሰጣትና "ይቅር በይኝ፣ እህቴ" አላት። ፊቱን ሳያዞርልኝ "ጋሼ፣ አሁን ሂድ" አለኝ።

ሄድኩ።

ኅዳር 21፣ ሐሙስ

ሶፋው ተመለሰ። ከሥሩ ሃያ ሦስት ማስቲካ ነቀልኩ። ጥያቄ ሲጠፋቸው እየለጠፉበት ኖሯል። ወርክሾፕ ውስጥ ላየው ስላልፈለግሁ እማዬ የምትቀመጥበት ክፍል አስገባሁት።

የአስተማሪዋንም አልጋ አስተካከልኩላቸው። በደህና እጃቸው ለኩትና በእርሳስ ራስጌው ጀርባ ላይ ትንሽ የትክክል ምልክት አደረጉበት። ልቤ ትንሽ ቀለል አለኝ፣ ለአንድ ቀን።

ኅዳር 24፣ እሑድ

አልመጣም። እማዬ ሁለቴ ጠየቀችኝ፣ ስለዚህ ለእሷም ነገርኳት። "ሻይ ስጠኝ" አለች።

ታኅሣሥ 1፣ እሑድ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ታናሼ ነው።
"ልግባ?" አለ።
ሳይጠይቅ ሰተት ብሎ የሚገባ ሰው፣ ልግባ አለ። ይሄ ወጋኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ራሱ ፍራሽ ሲያወርድ ውሏል። ገዢ አንድ ሁለት እያለ መመለስ ጀምሯል፣ አስተማሪዋም ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ "ፍራሹ ልክ ነው፣ ለክቼዋለሁ" እያሉ ነው አሉ። ይሄን ሁሉ የነገረው ለሚስቴ ነው። ወደ እኔ አላየም። አረንጓዴውን ሶፋ አየና "ይሄ ነው?" አላት። "እሱ ነው" አለችው። ከነጫማው ዘፍ አለበት፣ በሙሉ ርዝመቱ።

ቴሌቪዥኑ ክፍት ነበር። አዳራሹ ሦስት ብሎ ቆጠረ። አቅራቢው "ጀርባዎ..." ሲል እማዬ "ዝጉልኝ" አለች። ሚስቴ ዘጋችው።

እማዬ ከወንበሯ ጎንበስ ብላ በእጇ እየዳበሰች የታናሼን ጫማ አገኘች። ማሰሪያውን ፈታችለት።
"ጀርባህ ይረፍ፣ የኔ ጌታ።"
የማንም ሱቅ ስም አልተከተለውም።

እኔ በር ጋ ቆሜ ነበር፣ ሜትሬ አንገቴ ላይ። ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። ከዚህ ሁሉ በኋላም ቀናሁ።

ታናሼ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ገና አልተፈታም። ዓይኑን ወደ ጣሪያው መልሶ "ለጋሼም በይው እንጂ፣ እማዬ" አለ።

"ለእሱ?" አለች እማዬ፣ ገርሟት። "እሱ መቼ ጋደም ብሎ ያውቃል? ከልጅነቱ ጀምሮ እንደቆመ ነው። አባቱን ቆሞ ሲጠብቅ፣ ቆሞ ሲበላ... አሁንም ይኸው ከበሩ ጋ ነው የሚተነፍሰው። ጋደም ይበልና እለዋለኋ! እኔስ ስጠብቅ አይደል የኖርኩት?"

ሃምሳ ሁለት ዓመት ቆጥሬባት ነበር።

ታናሼ እግሩን ሰበሰበ። ሶፋውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ለሁለት እንደሚበቃ አውቃለሁ።

ሜትሩን ከአንገቴ አውርጄ ጋደም አልኩ።